የጭራቅ ደምና የጭራቅ ወተት
ለልጆች የጨዋታ ምሽት ከካርቱም የተገኙ አራት መጠጦች



ልጅ መፍራት ይወዳል ብንል አንዳንድ ወላጅ ይቃወመን ይሆናል። ነገር ግን ከምድጃ ዳር ተቀምጦ የጅብና የጭራቅ ተረት የሰማ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ጭራቁ በሩን ሲያንኳኳ ልጁ ከእናቱ ጉያ ይወሸቃል፤ ተረቱ ባለቀ ጊዜ ደግሞ «እንደገና ይነገረን» ብሎ የሚለምነው ያው የፈራው ልጅ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ፍርሃቱ በልክ የተሰፈረ ሲሆን፣ የሚሰፍርለትም ልጁ የሚያምነው ሰው ነው። በዛሬው ዓምዳችን ይህን በልክ የተሰፈረ ፍርሃት በብርጭቆ ቀድቶ ለልጆች ማቅረብ እንዴት እንደሚቻል እንመለከታለን። መጠጦቹን የመረጥነው ከጎረቤታችን ከሱዳን ዋና ከተማ ከካርቱም ነው።

በምዕራባውያን አገሮች በየዓመቱ ኦክቶበር 31 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ቀን ገደማ፣ ሃሎዊን የሚባል ምሽት ይከበራል። የምሽቱ ስም የመጣው በማግሥቱ ከሚውለው የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ሲሆን፣ ልማዱን ወደ አሜሪካ ይዘው የገቡት የአየርላንድና የስኮትላንድ ሰዎች ናቸው። ልጆች ጭምብል አጥልቀው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ጣፋጭ ይቀበላሉ፤ እናቶችም ደም የሚመስል ቀይና መርዝ የሚመስል አረንጓዴ መጠጥ አዘጋጅተው ያጠጧቸዋል። ይህን በዓል እንደ ራሳችን አድርገን እንያዘው ለማለት አልተነሣንም። ልጆች በቡድን ሆነው በየደጃፉ እየጨፈሩ የሚዞሩበት የቡሄ በዓል ነሐሴ 13 ቀን አለልን፤ ሙልሙሉም ጅራፉም የኛው ነው። ልብ ልንለው የፈለግነው ግን ልጆችን በምሽት ሰብስቦ ከቤት ወደ ቤት የማዞር ልማድ የአንድ አገር ብቻ አለመሆኑን ነው።

ካርቱምም የራሷ አላት። በረመዳን ጾም ማብቂያ ገደማ የሱዳን ቤተሰቦች «ረሕመታት» በሚሉት ቀን በሞት ለተለዩአቸው ዘመዶቻቸው መታሰቢያ ምግብ ሠርተው ለጎረቤትና ለልጆች ያድላሉ። ዕለቱ «የሙታን እራት» የሚል ስምም አለው። የመንደሩ ልጆች ዕቃቸውን ይዘው እየዘፈኑ በየበሩ ይዞራሉ፤ ተምርና ምግብም ይቀበላሉ። ሙታን የሚታሰቡበት ቀን ለልጆች የደስታ ቀን ሆኖ መገኘቱ የሚያስገርም አይደለም። በዚያ ቀን ትልልቆቹ ለልጆቹ የሚነግሩት ያለፉት እንዳልተረሱና ያሉትም በአንድ ማዕድ መሰብሰባቸውን ነው።

የሚያስፈራው ተረትም ከዚያው አይጠፋም። ሱዳኖች ሴት አያትን «ሐቦባ» ይሏታል። ሐቦባ ማታ ማታ ከምትተርካቸው ተረቶች ሁሉ ስሙ የገነነው ቆንጆዋ ፋጥማና እርሷን የሚያሳድደው ጭራቅ ታሪክ ነው። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ መምህርና ምሁር የነበሩት አብደላ አልጠይብ (እ.ኤ.አ. 1921–2003) የአገራቸውን ተረቶች ሰብስበው በመጽሐፍ አሳትመዋል። እንግዲህ የልጆቻችን የጨዋታ ምሽት ተረቱን ከአያት፣ መጠጡን ከማጀት ቢያገኝ ከውጭ የሚገዛለት ነገር አይኖርም ማለት ነው።

አንደኛ፦ የጭራቅ ደም

ይህ ከርከዴ ነው። ከርከዴ አበባው ከረገፈ በኋላ ፍሬውን አቅፎ የሚቀረው ሥጋማ ቀይ ሽፋን ሲሆን፣ በሱዳን በኮርዶፋንና በዳርፉር በሰፊው ይመረታል። በእኛም ገበያ ደርቆ ይሸጣል። ለ10 ልጆች የሚበቃ 1 ሊትር ተኩል ለማዘጋጀት አንድ ብርጭቆ ሙሉ ደረቅ ከርከዴ በደንብ ይታጠብና ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይዘፈዘፋል። ሌሊቱን በቀዝቃዛ ቦታ ካደረ በኋላ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይጠለላል። የቸኮለ ሰው ለ5 ደቂቃ ያህል ቢያፈላውም ይሆናል። ከዚያም ግማሽ ብርጭቆ ወይም 100 ግራም ያህል ስኳር ተጨምሮ እስኪሟሟ ድረስ ይማሰላል። አንድ ቁራጭ ቀረፋ ቢገባበት መዓዛው ያምራል።

በዚህ መጠጥ ወላጅ ራሱ የሚደነቅበት ጨዋታ ይሠራል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ከርከዴ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ይቀጥንና በሁለት ጣት ቁንጥር ያህል ቤኪንግ ሶዳ ይነሰነስበታል። ቀዩ ውኃ በልጆቹ ፊት ወደ ወይን ጠጅ፣ ቀጥሎም ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። «ጭራቁ መርዝ ጨመረበት!» ይባላል። ቀጥሎ አንድ ልጅ ተጠርቶ ግማሽ ሎሚ ሲጨምቅበት መጠጡ አረፋ ደፍቆ ወደ ቀይነቱ ይመለሳል፤ «መርዙ ከሸፈ!» ይባላል። ምሥጢሩ ቀላል ነው። ለከርከዴ ቀይነት የሚሰጠው አንቶሲያኒን የሚባለው ቀለም በኮምጣጣ ነገር ውስጥ ይቀላል፤ የሶዳ ባሕርይ ካለው ነገር ጋር ሲገናኝ ደግሞ ይሰማያዊና ይሻግታል። አረፋውን የሚያነሣው ሎሚና ሶዳ ሲገናኙ የሚፈጠረው ጋዝ ነው። በትምህርት ቤት በኬሚስትሪ ክፍል የሚሰጠው ትምህርት ይኸው ሲሆን፣ ልጁ በምሽት ጨዋታ ያየውን በክፍል ውስጥ ሲያገኘው አይረሳውም። ለትርኢቱ አንድ ብርጭቆ ይበቃል፤ ልጆቹ የሚጠጡት ግን ሶዳ ያልገባበትን ነው።

ሁለተኛ፦ የጭራቅ ወተት

ሱዳኖች «ተበልዲ» የሚሉት ባኦባብ ግንዱ እንደ ጎጆ የሚሰፋ ግዙፍ ዛፍ ነው። በኮርዶፋን ሰዎች የዛፉን ግንድ ፈልፍለው የክረምት ውኃ በሆዱ ያከማቹበት እንደነበር የታወቀ ነው። ጠጣሩ ፍሬ «ጎንጎሌዝ» ይባላል። ሲሰበር ውስጡ ኖራ የመሰለ ነጭና ደረቅ ሥጋ ይዟል፤ እርሱም በቫይታሚን ሲ የበለጸገ ነው። ዛፉ በእኛም አገር በሰሜን ምዕራብ ቆላ ስለሚበቅል በመተማ በኩል ያገለገሉ አንባብያን ሳያዩት አይቀሩም።

ሁለት ብርጭቆ ፍርፋሪ በአንድ ሊትር ተኩል ለብ ያለ ውኃ ለአንድ ሰዓት ይዘፈዘፋል። የፈላ ውኃ ቫይታሚኑን ስለሚቀንስ አይመከርም። ፍሬዎቹ እስኪራቆቱ ድረስ በንጹሕ እጅ ወይም በእንጨት ማንኪያ ይታሻል፤ ከዚያም በወንፊት ይጠለላል። ስኳር እንደ ከርከዴው ተመጥኖ ይገባል፤ ሊጠጣ ሲል አንድ ብርጭቆ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወተት ሊጨመርበት ይችላል። የሚወጣው መጠጥ ወፍራም፣ ነጭና መለስተኛ ኮምጣጣ ነው። ጎንጎሌዝ በማይገኝበት ሰፈር ሙዝ በወተት ተፈጭቶ ሊቀርብ ይችላል፤ ልጆች ስለ ጭራቁ ወተት አይነት አይከራከሩም።

ሦስተኛ፦ የጅብ ኩሬ

ይህ ሱዳኖች «ዐረዲብ» የሚሉት፣ ሐረርና ድሬዳዋ ያደጉ አንባብያን ደግሞ ሁመር ብለው የሚያውቁት ነው። አንድ ሩብ ኪሎ ያህሉ በአንድ ሊትር ተኩል ሙቅ ውኃ ለሁለት ሰዓት ተዘፍዝፎ ይታሻል፤ ፍሬውና ጭረቱ ተጠልሎ ይጣላል። መልኩ ከዝናብ በኋላ በመንገድ ላይ እንደሚቋጠር ውኃ ቡናማ ነው። የናና ቅጠል ቢንሳፈፍበት በእርግጥም የኩሬ ሣር ይመስላል። ኮምጣጣነቱ ጥም ይቆርጣል፤ ይሁን እንጂ ሲበዛ ሆድ ስለሚያላላ ለአንድ ልጅ አንድ ትንሽ ብርጭቆ ይበቃዋል።

አራተኛ፦ ጥቁር ሌሊት

አራተኛው «ሕሉ ሙር» ይባላል፤ ትርጉሙ ጣፋጭና መራራ ማለት ነው። የካርቱም እናቶች የረመዳን ጾም ከመግባቱ በፊት የማሽላ ብቅልና ዱቄት ያቦካሉ፤ ዝንጅብል፣ ቀረፋና ሌላም ቅመም ያገቡበታል፤ ከዚያም በጋለ ምጣድ ላይ እንደ ወረቀት በሳሳ ቂጣ ይጋግሩታል። መዓዛው ከአንዱ ግቢ ተነሥቶ ሠፈሩን ሲያውደው ጾሙ መቃረቡ ይታወቃል። የደረቀው ቂጣ በውኃ ተዘፍዝፎና ተጠልሎ በስኳር ይጠጣል፤ መልኩ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ ነው። ብቅል ስላለበት ብቻ ከጠላ ጋር የሚያስተያየው አይኑር፤ የጾም ማፍጠሪያ መጠጥ ስለሆነ አያሰክርም። ሥራው ብዙ ስለሆነ ለአንድ ምሽት ብላችሁ ጀምሩት አንልም። ከካርቱም የተመለሰ ዘመድ ወይም ጎረቤት ያላችሁ ግን ጠይቁ፤ እንጀራ ለምታውቅ እጅ ሙያው ሩቅ አይሆንም።

ስለ ማቀዝቀዝና ስለ አቀራረብ

ማቀዝቀዣ የሌለው ቤተሰብ ካርቱምን ይምሰል። በዚያች ሞቃት ከተማ «ዚር» የሚባለው የሸክላ ጋን በየግቢው ጥላ ሥር ይቀመጥ ነበር፤ ለመንገደኛም በየደጃፉ ይኖር ነበር። ውኃው በሸክላው ቀዳዳዎች ጥቂት በጥቂት ወደ ውጭ እያላበ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ የቀረው ይቀዘቅዛል። በእኛም ቤት በጥላና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ የተቀመጠ እንስራ ይህንኑ ያደርጋል። መጠጡን በጠርሙስ ከድኖ በእንስራው ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል።

ማቀዝቀዣ ያለው ደግሞ በበረዶ መሥሪያው እያንዳንዱ ጉድጓድ አንዳንድ ዘቢብ ጥሎ ያቀዝቅዝ፤ በረዶው ዓይን ሆኖ ከብርጭቆው ወደ ልጁ ያፈጣል። ይህ ግን ከ5 ዓመት በላይ ለሆኑት ነው። ለትንንሾቹ ዘቢብም፣ ሙሉ የወይን ፍሬም፣ በረዶም ጉሮሮ ስለሚዘጋ ከብርጭቋቸው ይቅር።

ለ10 ልጆች ሁለት ዓይነት መጠጥ፣ ከእያንዳንዱም 1 ሊትር ተኩል ማዘጋጀት ይበቃል። ይህም ለእያንዳንዱ ልጅ ትንንሽ ሁለት ብርጭቆ ማለት ነው። ከላይ በገለጽነው ልክ የተሠራ አንድ ትንሽ ብርጭቆ 10 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል፤ በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ የሚሸጠው ኮላ ግን ከ30 ግራም በላይ አለው። መብራቱ ዝቅ ይበል፤ አያት ወይም የሰፈሩ ተራኪ ተረቱን ይጀምር፤ ጭራቁ ከሚመጣበት ቦታ ላይ ሲደርስ መጠጡ ይቀዳ። ብርጭቆውን የሚያድለው ሰው ልጆቹ የሚያውቁት ይሁን፤ ፊቱንም በጭምብል አይሸፍን። የሚያስፈራው መጠጡ እንጂ አጠጪው መሆን የለበትም።

ማስጠንቀቂያ

የጨዋታው ጭራቅ የውሸት ነው፤ እውነተኛው ጭራቅ በውኃው ውስጥ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ማናቸውም መጠጥ የሚዘጋጅበት ውኃ ተንተክትኮ ይፍላ፤ በቆላ ለ1 ደቂቃ፣ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ደጋ ለ3 ደቂቃ ይቆይ። ቅዝቃዜ ጀርምን ስለማይገድል በረዶውም የሚሠራው ከፈላ ውኃ ነው። ከርከዴና ሁመር ኮምጣጣ ስለሆኑ በአሉሚኒየም ድስት አይደሩ፤ ብርጭቆ፣ ኢሜል ወይም የማይዝግ ብረት ይመረጣል። ቀለም ለማድመቅ ተብሎ የልብስ ማቅለሚያ ወይም ቀለም ያለው የጽሕፈት ዕቃ በምንም ምክንያት አይገባም። አንዳንዶች ጭስ እንዲወጣ ብለው የሚጠቀሙበት ደረቅ በረዶ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ ከንፈርና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ከልጆች ምሽት ይራቅ። ነፍሰ ጡሮችና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ከርከዴ ከማዘውተራቸው በፊት ሐኪም ይጠይቁ።

ስለ ውኃ አበክረን መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም። ካርቱም የተመሠረተችው እ.ኤ.አ. በ1821 እንደ ጦር ሰፈር ሲሆን፣ የቆመችውም ከጣና የሚነሣው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ ነው። ሁለት ታላላቅ ወንዞች ባሉበት ከተማ ውኃ ይቸግራል ብሎ ማን ያስባል? ይሁንና ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በመካከሏ ጦርነት ፈነዳ። ሚሊዮኖች ተፈናቀሉ፤ በዚያ ይኖሩ ከነበሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ከተማዋን መልሶ ቢይዝም፣ በግንቦት ወር የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች በድሮን ተመቱ፤ መብራት ሲጠፋ የውኃ ማጣሪያዎች ቆሙ፤ ሕዝቡ ያልተጣራ ውኃ መጠጣት ግድ ሆነበት፤ በጥቂት ሳምንታትም ውስጥ ኮሌራ ሺዎችን ያዘ። ወንዙ አልደረቀም፤ የጎደለው ንጹሕ ብርጭቆ ነበር።

ስለዚህ ከአራቱ መጠጦች ጋር አምስተኛ እንጨምራለን። ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው አንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ጠርዙ የተላገ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ተበጥብጦ ቶሎ ቶሎ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣ፤ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰዱም አይዘግይ። ልኩን መጠበቅ የግድ ነው፤ ጨው ሲበዛ ይጎዳል። ይህ መጠጥ ቀለም የለውም፤ የሚያስቅም ነገር የለውም፤ ነገር ግን ነፍስ ያድናል።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናሳስባለን። በየሰፈራችን አባታቸው በግዳጅ ላይ ያሉ፣ አንዳንዶቹም የተኩስ ድምፅ በጆሮአቸው የሰሙ ልጆች አሉ። ለእነዚህ ልጆች ድንገተኛ ጩኸት፣ ፊኛ ማፈንዳትና በጨለማ መዝጋት ጨዋታ አይሆኑም። ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ይነገራቸው፤ ያልፈለገ ልጅ ከመብራቱ አጠገብ ከሚወደው ሰው ጋር ይቀመጥ፤ ከተቻለም ሎሚውን የሚጨምቀው እርሱ ይሁን። በገዛ እጁ መርዙን ያከሸፈና ቀዩን የመለሰ ልጅ የዚያን ምሽት ጭራቅ ያሸነፈው እርሱ ራሱ ይሆናል። አባት በሌለበት ቤት ይህ ትንሽ ድል አይደለም፤ በደብዳቤም ሊጻፍለት ይገባል።

ውድ እናቶችና አባቶች፣ በሰፈራችሁ የምታዘጋጁትን የልጆች ምሽት መጠጥና ተረት ጽፋችሁ ብትልኩልን ለሌሎች ቤተሰቦች እናካፍላለን።